ጸሎት የተባለችው ጀልባ በአንድ ጋሎን ስንት ማይል ትሄዳለች?

ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር፣ ቁስቋም

ለተከበሩ የሐይቅ ጀልባዎች ፈቃድና ነዳጅ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር፣ ቀሐ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሥራ ባልደረቦችዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ዕድሜዎ እንደ ቀጠሮዎ የረዘመ፣ ወንበርዎም እንደ እስካሁኑ የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ካለፈው መጋቢት ወዲህ በማባዛትና በማካፈል ብዛት ከሚሰማኝ መጠነኛ ራስ ምታት በቀር የምናገረው ሕመም የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ለጽሕፈት ቤትዎ የገቡት ሦስት ማመልከቻዎች በመዝገብ ቤት በኩል በክብር ተቀባይነት አግኝተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቁጥራቸው በሚገባ ተነቧል፤ ጽሑፋቸው ግን የተነበበ አልመሰለኝም። ስለዚህ አራተኛውን ሰዎች ደብዳቤ ወደሚያነቡበት ስፍራ ይዤው መጣሁ።

ጉዳዩ ዘመድ ያለበት መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ጀልባዋ የእህቴ ልጅ የፋንታሁን አወቀ ናት፤ ስሟም ጸሎት ይባላል። ባለ አሥራ አምስት ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር አላት፤ ከነጂው ሌላ አሥራ አራት ሰው ከነጓዙ ትይዛለች፤ ጣና ዳር ካለው መንደራችን ተነሥታ ጎርጎራ ወደብ ትደርሳለች። ርቀቱ በውኃ ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደርሳ ትመለሳለች።

ፋንታሁን ቤንዚን የሚቆጥረው በጀሪካን ነው። ባለ ሃያ ሊትሩን አንድ ጀሪካን ሞልቶ ይነሣል። ስምንት ሊትር ለመሄጃ ይሆነዋል፣ ስምንት ሊትር ለመመለሻ፤ የምትተርፈውን አራት ሊትር ጀልበኞቹ «የነፋስ» ይሏታል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ነፋሱ ከፊት የመጣ ቀን የነፋስ ትነካለች፣ ሐይቁ ጸጥ ያለ ቀን ሳትነካ ትገባለች። ይህ ሒሳብ ለዘጠኝ ዓመት ያለ ቅጽ ሠርቷል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጸሎት አንድም ቀን ነዳጅ አልቆባት ውኃ ላይ ቆማ አታውቅም። አንድም ቀን አታውቅም ነበር ብል ይበልጥ ትክክል ይሆናል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ማደያዎች በጀሪካን ቤንዚን የሚቀዱት የድጋፍ ደብዳቤ ለያዘ ሰው ብቻ መሆኑን፣ ጀልባም እንደ ማኪና ተነሥታ ማደያ ደጃፍ መሰለፍ እንደማይሆንላት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ለጀልባዎች ደብዳቤውን የሚሰጠው ጽሕፈት ቤትዎ ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ ደብዳቤው የጀልባውን ስምና የሊትሩን መጠን የያዘ አንድ ገጽ ነበር። ዘንድሮ ግን ጽሕፈት ቤትዎ በሥልጣኔ ወደፊት ተራምዶ «የነዳጅ ቁጠባ መግለጫ» የተባለ ቅጽ አውጥቷል። በቅጹ መሠረት እያንዳንዱ ጀልባ በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ ይጻፋል፤ ውጤቱ ከ6 በታች የሆነ ጀልባ አባካኝ ተብሎ ደብዳቤ ይከለከላል።

ለምን እንደምቸኩል ግልጽ እንዲሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሰኔ ሲገባ የደንቢያ ጥቁር አፈር ይረጥባል። ከመንደራችን ወደ ጎርጎራ የሚወስደው የየብስ መንገድ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ጭቃ ነው፤ ማኪና አይገባበትም፣ በቅሎም እስከ ጉልበቷ ትሰምጣለች። በእነዚያ ወራት መንገዱ ጸሎት ብቻ ናት። ፋንታሁን ደግሞ ባሕር ዳር ያለ ዘመዱ «ሞተርህን ይዘህ ና፣ እዚህ ሥራ አለ» ብሎ ጠርቶታል፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ መልስ ይጠብቃል። ደብዳቤው እስከዚያ ከተገኘ ጀልባዋ ትቀራለች። ካልተገኘ ትሄዳለች። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ሒሳብ ነው።

ቅሬታዎቼን ለአሠራርዎ እንዲመች በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ. ስለ ጋሎኑ

ቅጹ «ጋሎን» ይላል እንጂ የትኛው ጋሎን እንደሆነ አይልም። ፋንታሁን እንደ ማንኛውም የአገራችን ሰው ጋሎን ያውቃል። ጋሎን ማለት ቀለም የሚሸጥበት ቆርቆሮ ነው። ቤቱን ለገና ሲቀባ የተረፈ አንድ ባዶ ጋሎን ነበረው፤ አጥቦ አደረቀውና የአንድ መሄጃ ቤንዚን በእሱ ሰፈረ። ሁለት ጋሎን ከሩብና ትንሽ ፈሪ ሆነለት። ሃያ ኪሎ ሜትር ስንት ማይል እንደሚሆን ከስልኩ ፈልጎ 12.4 አገኘ። አካፈለ፤ 5.4 መጣለት። ይህንኑ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞልቶ መጋቢት 15 ቀን አስገባ። በሁለተኛው ሳምንት ጸሎት «ነዳጅ አባካኝ» መሆኗን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት መልስ ደረሰው።

የዚያን ዕለት ደወለልኝ።

«አያ ዳኛው፣ ምነው ጀልባዬን አባካኝ አሏት?»

«በምን ለካህ?»

«በጋሎን ነዋ። በጋሎን ለካ አይደል የሚለው ወረቀቱ?»

«የምን ጋሎን?»

«የቀለም። ነጩ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቆርቆሮውን ይዞልኝ እንዲመጣ ነገርሁት። በሊትር ብንለካው ሦስት ሊትር ተኩል ይይዛል። በዓለም ላይ ለነዳጅ መለኪያ የሚያገለግሉት ሁለት ጋሎኖች ሁለቱም ከዚህ ይበልጣሉ። ስለዚህ ጀልባዋ የወደቀችው በሞተሯ ሳይሆን በግድግዳ ቀለም ነው። ክቡርነትዎ ለዚህ ዕውቀት ስላበቁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቆርቆሮው እስከዚያ ቀን ድረስ የሽንብራ ዘር ማስቀመጫ ሊሆን ታስቦ ነበር።

2ኛ. ስለ ማይሉና ስለ «መደበኛው»

ጥፋቱ የእኛ ነው ብዬ አሰብሁና በትክክለኛው ጋሎን ለማስላት ተቀመጥሁ። ትክክለኛው ግን ሁለት ሆኖ አገኘሁት። የእንግሊዞቹ ጋሎን አራት ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ የአሜሪካኖቹ አራት ሊትር አይሞላም። ማይሉም እንዲሁ ሁለት ነው፤ የየብሱ አንድ ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ሜትር ገደማ ሲሆን የባሕሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አራቱን እርስ በርስ ባገናኛቸው የሚከተለውን አገኘሁ። በየብስ ማይልና በእንግሊዝ ጋሎን ጸሎት 7.1 ታመጣለች፤ ታልፋለች። በባሕር ማይልና በእንግሊዝ ጋሎን 6.1 ታመጣለች፤ ለጥቂት ታልፋለች። በየብስ ማይልና በአሜሪካ ጋሎን 5.9 ታመጣለች፤ ለጥቂት ትወድቃለች። በባሕር ማይልና በአሜሪካ ጋሎን 5.1 ታመጣለች፤ አባካኝ ናት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጀልባዋ ከታሰረችበት ግንድ አልተነቃነቀችም። ያው ሞተር፣ ያው ቤንዚን፣ ያው ሐይቅ ነው። ሁለት ጊዜ ቆጣቢ፣ ሁለት ጊዜ አባካኝ ሆና ዋለች።

ሐይቅ ላይ የባሕር ማይል ይሠራ እንደሆነ፣ ጎንደር ላይ የእንግሊዝ ጋሎን ይሻል እንደሆነ ለመረዳት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ባለሙያዎን አቶ ትዕዛዙን አነጋገርሁ። በእውነት ደግና ትሑት ሰው ናቸው፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ።

«ቅጹ ዓለም አቀፍ ነው» አሉኝ።

«በጣም ጥሩ። የትኛው ጋሎን ነው?»

«መደበኛው።»

«ማይሉስ?»

«እሱም መደበኛው ነው፣ ጋሼ።»

ከዚህ በላይ መጠየቅ ሰውን ማስጨነቅ ስለሆነ አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያም ከፋንታሁን ጋር ተማክረን ጎንደር ውስጥ ያለ ማደያ ሁሉ በሚያውቀው፣ የአገሪቱም መለኪያ በሆነው ጻፍን። «በአንድ ሊትር 2.5 ኪሎ ሜትር» ብለን ሚያዝያ 3 ቀን አስገባን። መለኪያው እንዳይሳት ሊትርና ኪሎ ሜትር ከሚሉት ቃላት ሥር ሁለት ሁለት መስመር አሰመርሁባቸው።

ጽሕፈት ቤትዎ መስመሮቹን ትቶ ቁጥሩን ወሰደ። 2.5 «ማይል በጋሎን» በሚለው ሳጥን ውስጥ ገባ። በሚያዝያ 17ቱ መልስዎ «የጀልባዋ የነዳጅ አጠቃቀም ብቃት በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ5.4 ወደ 2.5 ማሽቆልቆሉ ጽሕፈት ቤቱን በእጅጉ አሳስቦታል» ብለው ሞተሩ ፈቃድ ባለው መካኒክ እንዲፈተሽ መክረዋል። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። በእነዚያ ቀናት ጸሎት ቤንዚን በማጣት ዳር ላይ ታስራ ነበር። ታስራ ባለችበት ግማሽ ጉልበቷን ማጣቷን ከጎንደር ሆኖ መለየት ቀላል ችሎታ አይደለም።

3ኛ. ስለ ሥልጡኑ መለኪያ

አቶ ትዕዛዙ ሦስተኛ ጊዜ ስሄድባቸው አዘኑልኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁን በሠለጠነው ዓለም የሚሠራበት ሌላ ነው፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ትበላለች ብላችሁ ብትጽፉ ኮምፒውተሩ ሳይወደው አይቀርም» አሉኝ። ሒሳቡ ቀላል ነበር። ሃያ ኪሎ ሜትር በስምንት ሊትር ከሆነ መቶው በአርባ ነው። 40 ብለን ሚያዝያ 20 ቀን አስገባን።

ኮምፒውተሩ በእርግጥ ወደደው። 40 ያው ሳጥን ውስጥ ገባና ጸሎት በአንድ ጋሎን አርባ ማይል የምትሄድ ጀልባ ሆነች። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያድግ ብክነት፣ በዚያኛው ሲያድግ ቁጠባ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በመካከል አልነበረም። ግንቦት 1 ቀን የደረሰን ደብዳቤ ሁለት አንቀጽ አለው። በመጀመሪያው ጀልባዋ በሐይቁ ላይ ካሉት ሁሉ በቁጠባ አንደኛ በመውጣቷ እንኳን ደስ ያላችሁ ተብለናል። በሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጠባ በተፈጥሮ የማይገኝ ስለሆነ ወይ ጀልባዋ አትሠራም፣ ወይ ቤንዚኑ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል የሚል ጥርጣሬ ስላለ ክትትል እንደሚደረግብን ተነግሮናል። አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ተሸልሞ ሲከሰስ ሳይ በብዙ ዓመት የጋዜጣ ሥራዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ለመንደሩ ሰው ያነበብሁት እኔ ነኝ። ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ ወይዘሮ አበቡ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ ወደ ፋንታሁን ዞሩ።

«በል እንግዲህ፣ ስሟ ጸሎት አይደል? በስሟ ትሂዳ» አሉት።

«እርስዎ ይቀልዳሉ፣ እኔ ሞተር ልነቅል ነው።»

«እስኪ ንቀልና እናያለን። የኔን ሽንኩርት ተሸክመህ በጭቃው ከወሰድህልኝ ንቀል።»

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ደብዳቤው ግን ለወሩ የፈቀደልን ሰባት ጋሎን ተኩል ነው። አሥራ ሁለት ምልልስ በወር፣ አርባ ማይል በጋሎን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ማካፈሉ ትክክል ነው፤ ስህተት የሌለበት ብቸኛው ሥራ እሱ ነው። የሚያስፈልገን ግን የነፋስን ሳይጨምር 192 ሊትር ነበር። የተፈቀደው በትልቁ ጋሎን ቢቆጠር እንኳ 34 ሊትር አካባቢ ነው። ይህ ለሁለት ምልልስ ይበቃል፤ አሥሩ ምልልስ በስሟ የሚሄድ ይሆናል።

4ኛ. ስለ ማደያው

ቢሆንም ትእዛዝ አክባሪ ነንና ፋንታሁን ለክፉ ቀን ባስቀራት የመጨረሻ ስምንት ሊትር ጸሎትን ጎርጎራ አድርሶ፣ ጀሪካኑን በሚኒባስ ይዞ ወደ አንድ ማደያ ሄደ። ቀጂዋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጋሎን ይላል እኮ።»

«አዎ።»

«እኛ በሊትር ነው የምንቀዳው። ጋሎን የሚሸጠው ቀለም ቤት ነው፤ ከዚህ ሦስተኛው በር።»

ፋንታሁን በኋላ ሲነግረኝ «ሄጄ ልጠይቅ ነበር፣ ነጩ አልቋል እንዳይሉኝ ብዬ ተውሁት» አለኝ። ተጠሪው ተጠርቶ መጣ። እሱም ሰው አይክፋ ባይ ሆኖ፣ ማሽኑ ጋሎን ስለማያውቅ ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ በሊትር ይቀዳ ብሎ ወሰነ። ሰባት ሊትር ተኩል ተቀዳ። ደብዳቤውም «ተስተናግዷል» ተብሎ ማኅተም ተመታበትና የወሩ ድርሻችን በዚሁ አለቀ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ትንሽ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ግንቦት 7 ቀን ሐሙስ ጠዋት ጎርጎራ ወደብ ላይ ሁለት ቀን ጀልባ ሲጠብቁ የከረሙ አሥራ አራት የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ፋንታሁን አልዋሻቸውም። «ለቤታችን ስምንት ሊትር ያስፈልገናል፤ የያዝሁት ሰባት ተኩል ነው። የነፋስ የለኝም። ከሰዓት ከሆነ አልነሣም፤ አሁን ግን ሐይቁ ተኝቷል» አላቸው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ አበቡ «ግማሽ ሊትሩን እኛ እንሞላዋለን፤ ክንድ አለን» ብለው ቀድመው ገቡ።

ሞተሩ የጠፋው ከመንደሩ ዳርቻ አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል ሲቀር ነው፤ ሒሳቡ የሚለው ቦታ ላይ ማለት ነው። ጸሎት በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ አልቆባት ውኃ ላይ ቆመች። ያለው መቅዘፊያ አንድ ነበር። ሁለተኛው የወለል ጣውላ ሆነ፤ ሦስተኛው የወይዘሮ አበቡ የሽንኩርት መስፈሪያ ጣሳ። ፋንታሁን ጣሳ ውኃ ይቀዳል እንጂ አይቀዝፍም ቢላቸው «አንተ ዝም ብለህ ቅዘፍ፤ ይኼ ጣሳ ካንተ ጋሎን ይሻላል፣ ስንት እንደሚይዝ አውቀዋለሁ» አሉት። ሰዎቹ እየሳቁ ቀዘፉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዘፉ። ከወረዱ በኋላ ጓዛቸውን እንኳ ወደ ቤት አስገብተው ሳይጨርሱ ነፋሱ ተነሣ።

ነፋሱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢነሣ ኖሮ ይህን ደብዳቤ በዚህ ድምፅ አልጽፈውም ነበር።

5ኛ. ስለ ፍተሻው

ጥርጣሬውን ለማጥራት ጀልባዋ «በአካል ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቀርባ እንድትፈተሽ» መታዘዙ በግርጌ ተጽፎ አይቻለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ያለው ቀሐ ነው። ከመስኮትዎ አጠገብ ለጀልባ የሚበቃ ውኃ የሚገኘው የጥምቀተ ባሕሩ ገንዳ ለበዓሉ ሲሞላ ነው፤ ጥምቀት ደግሞ ጥር ላይ ነው። እስከዚያ መጠበቅ ቢቻል እንኳ ለዚያ በዓል የተሰበሰበ ሕዝብ መካከል የሞተር ጀልባ ይዞ መግባት የሚያመጣውን ነገር ለእርስዎ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ክቡር ሆይ፣ ቅጽዎ አሥራ አንድ ሳጥን አለው። የማምረቻ ዘመን የሚጻፍበት አለ፣ የቀለም ዓይነት የሚጻፍበት አለ። ባለፈው ነሐሴ ምጥ የያዛቸውን ሁለት እናቶች ጎርጎራ ጤና ጣቢያ ያደረሰችው ይህችው ጀልባ መሆኗን የምጽፍበት ሳጥን ግን ፈልጌ አጣሁ። አንደኛዋ የደረሰችው ነፋሱ ከፊት በመጣ ቀን ነው። ያን ዕለት አራቷም የነፋስ ሊትር አልቃለች። ሁለቱም ልጆች ዛሬ በእግራቸው ለመቆም ይንደፋደፋሉ። የአንደኛውን ልጅ አባት በቃሬዛ በጭቃው ቢሄዱ ኖሮ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸው እንደነበር ጠይቄው «እኔ እንጃ፣ ማንም ሞክሮ አልጨረሰውም» አለኝ። ይህ በየትኛው ማይልና በየትኛው ጋሎን እንደሚሰላ ባለሙያዎችዎን እንዲጠይቁልኝ እለምናለሁ።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ኮምፒውተር አይገዛም፣ ባለሙያም ለሥልጠና አይላክም። ቅጹ ላይ «ጋሎን» የሚለውን በብዕር ሰርዘው «ሊትር»፣ «ማይል» የሚለውን ሰርዘው «ኪሎ ሜትር» ይበሉበት። ዝቅተኛው ማለፊያ ስድስት ነው ያሉትንም አብረው ይቀይሩት፤ ካልቀየሩት ከነገ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የሚያልፍ ጀልባ አንድም አይኖርም፤ ይህን የምነግርዎ ቀጣዩን ደብዳቤ ከመጻፍ ለመዳን ብዬ ነው። ከዚያ ለጸሎት በአንድ ምልልስ ሃያ ሊትር ይጻፉላት። ሃያ ሊትር ለምን ብለው ከጠየቁ፣ አሥራ ስድስቱ ለመንገድ፣ አራቱ ለነፋስ ነው። የነፋስን ሊቀንሱ ከፈለጉ በቅድሚያ ከነፋሱ ጋር ይነጋገሩ።

ቃላችሁን ከማምን ይልቅ በዓይኔ ልይ ካሉ ደግሞ እጅግ ደስ ይለናል። ግንቦት 23 ቀን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፋንታሁን ጎርጎራ ወደብ ይጠብቅዎታል። ጀሪካኑን በገዛ እጅዎ ይሙሉት፤ ጋሎንም ከወደዱ ጋሎን ይዘው ይምጡ፣ የየትኛውም አገር ይሁን። መንደራችን ድረስ ወስዶ ይመልስዎታል፤ ስንመለስ የቀረውን ቤንዚን አብረን እንለካለን፣ ቁጥሩን እርስዎ ይጽፋሉ። ጀሪካኑን በደብዳቤዎ መሠረት መሙላት ከመረጡም እንነሣለን፤ ሁለተኛ መቅዘፊያ አሠርተናል። ወይዘሮ አበቡ አጠገባቸው ቦታ ይዘውልዎታል፤ ጣሳቸውን ለማንም አያውሱም፣ ለእርስዎ ግን ያውሳሉ።

ፋንታሁን ለባሕር ዳሩ ዘመዱ መልስ የሚሰጠው ግንቦት 30 ነው። የሰባት ቀን ማሰቢያ ይሆንዎታል ብዬ ነው ቅዳሜውን የመረጥሁት።

ውድ ጊዜዎን ወስደው ይህን ያህል ርቀት አብረውኝ በማንበብዎ፣ ርቀቱን በየትኛውም መለኪያ ቢወስዱት፣ ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎት እንደ ማኅተሙ ጎልቶ እንዲታይ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከተረፈች ጥቂት ትዕግሥት ጋር፣

ዳኛው መለሰ
የፋንታሁን አወቀ አጎት፣ የጸሎት ጀልባ የዘወትር ተሳፋሪ
ቁስቋም፣ ጎንደር

ግልባጭ፦
— ለአቶ ትዕዛዙ፣ ስለ ትሕትናቸው
— ለማደያው ተጠሪ፣ ስለ መፍትሔ ፈላጊነታቸው

ማስታወሻ፦ ፋንታሁን ለግንቦት 23 አዲስ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእርስዎ ሊያመጣልዎ አስቧል፤ ልክዎን ግን አያውቅም። ስለዚህ ቁመትዎንና ክብደትዎን በአቶ ትዕዛዙ በኩል እንዲልኩለት ይለምናል። በፈለጉት መለኪያ ሊልኩት ይችላሉ። በጫማ ቢሉትም በሜትር፣ በኪሎ ቢሉትም በፓውንድ አይቸግረውም፤ እሱ ሰው በውኃ ላይ የሚያጓጉዝ ስለሆነ ቁጥር ሲደርሰው የምን እንደሆነ ይጠይቃል።